ኮምፒውተሩ ያነብለታል፣ እሱስ መቼ ያነባል?

የአንባቢያን ጥያቄ፤ መልስ ሰጪ፦ የንባብ መምህርት፣ ከጅማ

ሰሞኑን በደብዳቤም በቴሌግራምም ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ ተቀራረቡብኝ። ሦስቱም ስለ ትልልቅ ልጆች ናቸው። ሀ ሁ ስለሚቆጥሩ ሕፃናት አይደለም፤ ድምፃቸው መጎርነን ስለጀመረ፣ ቁመታቸው ከእናታቸው ስለበለጠ፣ ግን አንድ አንቀጽ ማንበብ ስላቃታቸው ልጆች ነው። ሦስቱም ኮምፒውተር ይረዳ እንደሆነ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ። ገንዘብ ሊወጣበት ነውና።

«ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ሂርማታ አካባቢ ቡና እነግዳለሁ። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ 8ኛ ክፍል ደርሷል። ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ቤት ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ እናወራለን። ሒሳብ ላይ እኔን ያስከነዳኛል። የተበላሸ ሞባይል ፈታትቶ ይሠራል። መጽሐፍ ሲይዝ ግን ላብ ያጠምቀዋል። ቃል በቃል እየቆረጠ ያነባል፤ ሲጨርስ ምን እንዳነበበ አያውቅም። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ‹እዚህ እንዲህ ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ፕሮግራም ይታገዛሉ› አለኝ። እዚህ ደግሞ አንድ ሱቅ ‹በሦስት ወር አንባቢ የሚያደርግ ፕሮግራም የተጫነበት ታብሌት አለን› ይሉኛል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ልግዛለት?» — እናት፣ ከጅማ

እህቴ፣ ለጊዜው አይግዙ። ወንድምዎ የነገሩዎት እውነት ነው። ሱቁ የነገረዎትን ግን አላምንም።

ከሁሉም በፊት የልጅዎ ንባብ የት ላይ እንደሚሰናከል እንወቅ። ለዚህ ታብሌት አያስፈልግም፤ የያዙት ስልክ ይበቃል። ከ6ኛ ወይም ከ7ኛ ክፍል መጽሐፉ ከዚህ በፊት ያላጠናውን አንድ ገጽ ይምረጡ። ታናናሾቹ በሌሉበት ሰዓት ይሁን። የስልኩን ድምፅ መቅጃ ይክፈቱና አንድ ደቂቃ ያንብብ። ሲሳሳት አያርሙት፣ ፊትዎንም አያኮሳትሩ። ሲጨርስ ገጹ ስለ ምን እንደሚያወራ ይጠይቁት። በማግሥቱ ሌላ ገጽ ይውሰዱና እርስዎ ወይም ሌላ ሰው ያንብብለት። እሱ መስማት ብቻ ነው። ከዚያ ያንኑ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁት።

ሲሰማ ገብቶት ሲያነብ ካልገባው፣ ችግሩ ፊደሉን አይቶ ቃሉን በማውጣት ላይ ነው። ሐሳቡ ሁሉ ቃሉን ለማውጣት ስለሚውል ለትርጉሙ የሚተርፍ የለውም። ሲሰማም ካልገባው ግን ነገሩ የቃላትና የዕውቀት ነው። ፊደል መልሶ ማስቆጠር ለዚህኛው አይረዳም። ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን በአንድ ስሌት አስቀመጡት፦ ንባብ ማለት ቃል የማውጣት ችሎታ በቋንቋ መረዳት ሲባዛ ነው። መደመር አላሉም፣ ማባዛት ነው ያሉት። ነጋዴ ስለሆኑ ይህ አይጠፋዎትም፤ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢበዛ ውጤቱ ያው ዜሮ ነው።

ይህንኑ ፈተና በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይድገሙት። እኛ ጅማ ያለን ሰዎች ልጆቻችን በሁለት ፊደል፣ በሦስት ቋንቋ እንደሚማሩ እንረሳዋለን። ጠዋት ቁቤ፣ ቀጥሎ 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ ከዚያ እንደ ቁቤ የሚመስል ግን እንደ ቁቤ የማይነበብ እንግሊዝኛ። በአፋን ኦሮሞ እንደ ውኃ የሚያነብ፣ በአማርኛ ግን የሚንተባተብ ከሆነ ልጁ ንባብ ያውቃል፤ የጎደለው የአማርኛ ፊደል ልምምድ ነው። ያ በጥቂት ወራት ይስተካከላል። እንግሊዝኛ ላይ ብቻ ከተቸገረ ቋንቋው ነው የጎደለው። በሦስቱም የሚቆርጥ ከሆነ ግን ሥራው ከሥር ይጀምራል፤ የሚጀምረውም አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው። አሁን ወደ ሱቁ ይመለሱና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ፕሮግራሙ በየትኛው ቋንቋ ነው?» መልሱ «በእንግሊዝኛ» ከሆነ እና ልጅዎ በአፋን ኦሮሞም የሚቆርጥ ከሆነ፣ ተሰናብተው ይውጡ።

ወደ አሜሪካው እንምጣ። ወንድምዎ የትኛውን ፕሮግራም እንዳሉ አልጻፉልኝም። ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ከተሠሩት ታዋቂው ሪድ 180 ነው። ቴድ ሃሰልብሪንግ የተባሉ ምሁር በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በጀመሩት ሥራ ላይ ተመሥርቶ፣ ስኮላስቲክ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1999 ለትምህርት ቤቶች አቀረበው። ጥሩ ውጤት አሳይቷል ተብለው ከሚጠቀሱት ውስጥ ነው። ግን አሠራሩን ይዩልኝ። መጀመሪያ ሲነደፍ ክፍለ ጊዜው 90 ደቂቃ ነበር። መምህሩ 20 ደቂቃ ሁሉንም አንድ ላይ ያስተምራል። ከዚያ ልጆቹ በሦስት ቡድን ተከፍለው በየ20 ደቂቃው ይዞራሉ። አንዱ ቡድን ከመምህሩ ጋር ይቀመጣል፣ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ሌላው በአቅሙ የተመረጠ መጽሐፍ ለብቻው ያነባል። የቀረው 10 ደቂቃ ማጠቃለያ ነው። ደምሩት፦ አንድ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቆየው ከ90 ደቂቃ 20ውን ብቻ ነው። ሱቁ ሊሸጥልዎት የፈለገው ያቺን 20 ደቂቃ ነው። መምህሩም መጽሐፉም የሉበትም።

እዚያው አሜሪካ የአገሪቱ ምክር ቤት (ኮንግረስ) ባዘዘው ጥናት የንባብና የሒሳብ ፕሮግራሞች በ132 ትምህርት ቤቶች ተፈትነው ነበር። ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። ፕሮግራሙን በተጠቀሙ ክፍሎችና ባልተጠቀሙት መካከል ይህ ነው የሚባል የውጤት ልዩነት አልታየም። እርግጥ ንባብ ላይ የታዩት ልጆች 1ኛ እና 4ኛ ክፍል ስለነበሩ እንዳለ ለልጅዎ አልጠቅሰውም። ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላው ነው። ግራፎጌም የሚባል የፊደልና የድምፅ ጨዋታ አለ፤ ፊንላንድ፣ ዩቫስኩላ ዩኒቨርሲቲ ነው የተሠራው። አፍሪካ ውስጥም ዛምቢያንና ኬንያን ጨምሮ ተሞክሯል። የኖርዌይ ተመራማሪዎች በዚህ ጨዋታ ላይ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያዩ፣ በአማካይ ቃል ማንበብ ላይ ያመጣው ለውጥ ዜሮ አካባቢ ሆኖ አገኙት። ልጁ አጠገብ ትልቅ ሰው ተቀምጦ በደንብ በተከታተለባቸው ጥናቶች ግን ለውጡ የሚታይ ነበር። ጨዋታው ያው ነው። የተለየው አጠገቡ ሰው መኖሩ ነው።

ስለዚህ ወንድምዎ ታብሌቱን በነፃ ከላኩ ይቀበሉ፤ እኔ ማሽን አልጠላም። እንዲያውም ለ15 ዓመት ልጅ ማሽን ሰው ዘንድ የማይገኝ ጸባይ አለው። አሥር ጊዜ ቢሳሳት አይተነፍስም። «ይሄ እንኳን ይጠፋሃል?» አይልም። ኢርፎን ካደረገ የሚያነበው የ3ኛ ክፍል ጽሑፍ መሆኑን ማንም አያውቅበትም። በዚህ ዕድሜ ኀፍረት ከስንፍና ይልቅ ብዙ ልጅ ከመጽሐፍ አርቋል።

የማዝዝልዎት ሥራ ይኸው ነው። በሚችለው ልክ፣ ከመቶ ቃል ብዙ የማይበልጥ አጭር ጽሑፍ። አንድ ጎበዝ አንባቢ በስልክ ይቅዳለት፤ የአክስት ልጅም ጎረቤትም ቢሆን። መጀመሪያ በጣቱ እየተከተለ ይስማ። ቀጥሎ ከድምፁ ጋር አብሮ ያንብብ። ከዚያ ድምፁን ዘግቶ ብቻውን ያንብብና ራሱን ይቅዳ። ያንኑ ጽሑፍ በሚቀጥሉት ቀናት ይድገመው። ጽሑፉ አማርኛ ከሆነና ኢንተርኔት ካለ፣ የማይክሮሶፍት ኤጅ ማሰሻ አማርኛን በወንድም በሴትም ድምፅ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ቅላጼው ትንሽ ደረቅ ቢልም ያስኬዳል። ለአፋን ኦሮሞው የሰው ድምፅ ይሁን፤ የሚረዝመውንና የሚጠብቀውን በትክክል የሚሰማው ከሰው ነው። ለዚህ ሁሉ 20 ደቂቃ ይበቃል። እርስዎ ሱቅ ቢውሉም ማታ የቀዳውን ይስሙለት። የሚሰማው ሰው መኖሩን ካወቀ ይቀዳል፤ ካላወቀ አይቀዳም።

ዓይኑንም ያስመርምሩት። ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለ። ሞባይል መፍታቱ አያታልልዎት፤ ቅርቡን እያየ ሰሌዳው የሚደበዝዝበት ልጅ አለ፣ በተቃራኒውም አለ። ጆሮውንም እንደዚሁ።

«መምህርት፣ ከጅማ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ካለ ትምህርት ቤት ነው የምጽፈው። የአማርኛ መምህር ነኝ። ኮምፒውተር ክፍላችን ውስጥ ከተደረደሩት የሚሠሩት ጥቂት ናቸው። ኢንተርኔት የለም፤ መብራት ይሄዳል። 7ኛና 8ኛ ክፍል ማንበብ የማይችሉ ልጆች ሞልተዋል። የአይሲቲ መምህሩ ‹የንባብ ፕሮግራም እንጫንና ልጆቹን እንልቀቃቸው› ይላል። ምን ይመክሩናል?» — መምህር

መምህር፣ «እንልቀቃቸው» የሚለው ላይ ነው የማልስማማው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ወሊሶ ላይ ታጥፎ ወንጪ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያና ወለንጭቲ አካባቢ አንድ የውጭ ድርጅት መምህር በሌለበት ለሕፃናት ታብሌት ሰጥቶ ሞክሮ ነበር። ልጆቹ ታብሌቱን መክፈት ማንም ሳያሳያቸው ቻሉ። የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ። የተዘጋባቸውን ካሜራ ሳይቀር ከፈቱ። ጋዜጦች በጣም ተደነቁ፤ እኔም የልጆቹ ብልሃት ደስ ይለኛል። ግን ካሜራ መክፈትና ፊደል መዘመር አንቀጽ አንብቦ ከመረዳት ብዙ ይርቃል። የእርስዎ ልጆች ደግሞ የሚያስፈልጋቸው አንቀጹ ነው።

ልጆቹንም አይቆጧቸው። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች የታችኛ ክፍል ንባብ ሲለካ፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ክፍል ግን እየተዛወሩ ሄዱ። 7ኛ ክፍል ላይ የሚያዩት ችግር 2ኛ ክፍል የተጀመረ ነው፤ 7ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ያንን መልሰው የሚያስተምሩበት ሰዓት በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ውስጥ የለም። ሰዓቱን እርስዎ ናቸው የሚፈጥሩት።

አምስት ኮምፒውተር ከሠራ 15 ልጅ ይበቃዎታል፤ ከላይ የጻፍኩትን የሦስት ቡድን ዙር ይጠቀሙ። አምስቱ ከእርስዎ ጋር፣ አምስቱ ማሽን ላይ፣ አምስቱ ወረቀት ይዘው። ማን ይግባ የሚለውን በማርክ አይወስኑ፤ ሸምድደው ማርክ የሚያመጡ አሉና። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አንድ ደቂቃ ያስነብቡና በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ቆጥረው ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። ስምንት ሳምንት ቆይተው፣ በዚያው ልክ በከበደ ሌላ ጽሑፍ ይድገሙት። ፕሮግራሙ የሚሰጠውን ኮከብና ነጥብ አይመኑ። ልጆች አራት ምርጫ ሲያዩ መገመት በቶሎ ይለምዳሉ። ቃሉን ሳያነቡ ጫን፣ ተሳሳተ፣ ሌላውን ጫን፣ ደወሉ ጮኸ፣ ኮከብ መጣ። ከኋላቸው ቆመው «ይህን እንዴት መረጥከው?» የሚል ሰው ከሌለ ኮከቡ እየበዛ ንባቡ ባለበት ይቆማል።

ኢንተርኔት ስለሌለ ብዙ አይጨነቁ። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ሌሎቹ በኬብል ወይም በዋይፋይ ከእሱ ይወስዳሉ። ይዘቱን ኢንተርኔት ካለበት ቦታ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። አፍሪካን ስቶሪቡክ ላይም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነፃ ታሪኮች አሉ፤ አትሞ ማባዛትም ይፈቀዳል። ችግሩ አብዛኞቹ የሕፃናት መሆናቸው ነው። የ14 ዓመት ጎረምሳ ፊት የጥንቸል ሥዕል ሲያስቀምጡ ፊቱ እንዴት እንደሚጠቁር ያውቁታል።

ስለዚህ ጽሑፉን ከልጆቹ አፍ ይውሰዱ። የእኔ ምርጫ ሁሌም ይህ ነው። አንዱ ስለ ባጃጅ ይንገርዎት፣ አንዷ ስለ ቡና ለቀማ፣ ሌላው ባለፈው ቅዳሜ ስለተሸነፉበት ኳስ። እንደተናገሩት ይተይቡት፤ ስምንት ወይም አሥር መስመር ይበቃል። ቃሉን ስለሚያውቁት የሚቀራቸው ፊደሉን ማወቅ ብቻ ነው። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ የድምፅ መቅጃ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራል፤ ልጆቹ ያነበቡትን እዚያ ይቅዱ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጂ ጎን ለጎን ከፍተው ራሳቸውን ሲሰሙ ማየት ነው። ድምፁ ሲቆራረጥ ስክሪኑ ላይ ባዶ ቦታ ይታያል። ባዶው ቦታ እያነሰ መምጣቱን እኔ መናገር አያስፈልገኝም፤ ራሳቸው ያዩታል።

መብራት ሲሄድ ቡድኑ እንዳይበተን የዕለቱ ጽሑፍ በወረቀትም ይኑር። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ስላለ ልጆቹ ይቀራሉ፤ ስምንቱን ሳምንት ከዚያ በኋላ ቢጀምሩ ይሻላል። እና እባክዎ የክፍሉን ቁልፍ ጉዳይ ከዳይሬክተሩ ጋር አስቀድመው ይጨርሱ። ስንት ኮምፒውተር ነው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ፣ ሳይነካ ያረጀው። ክፍሉን ደግሞ «የደካሞች ክፍል» ብለው እንዳይጠሩት። ሚኒ ሚዲያው የሚቀዳበት ክፍል ይሁን፤ ከእነሱም ጎበዝ የሆነው ሰልፍ ላይ ያንብብ።

«ቲቸር፣ 16 ዓመቴ ነው። ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገባሁ፣ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ሆነ። አንብቢ ስባል ልጆች ሙድ ይይዙብኛል። የባዮሎጂ መጽሐፉን በስልክ ፎቶ አንስቼ ወደ አማርኛ አስተረጉመዋለሁ፣ ከዚያ ስልኩ ያነብልኛል። ጓደኛዬ ‹ይሄ ኩረጃ ነው› አለችኝ። እውነት ነው?» — ተማሪ፣ ከቆጪ

ልጄ፣ ኩረጃ አይደለም። ባዮሎጂውን ለማወቅ ያገኘሽው መንገድ ነው፤ ብልጥ ነሽ። ግን ሁለት ሥራ አለሽ፤ አንዱ ባዮሎጂ፣ ሌላው ንባብ። ስልኩ የሠራልሽ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሲያነብልሽ ዓይንሽ ሌላ ቦታ ከሆነ ንባብሽ ባለበት ይቆያል።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጊው። ሐሳቡን ለማግኘት አማርኛውን አንዴ ስሚ። ቀጥሎ እንግሊዝኛውን ስልኩ ቀስ ብሎ እያነበበልሽ በጣትሽ ተከተይ። ከዚያ ድምፁን ዝጊና አምስት መስመር ብቻ ራስሽ አንብቢ። ሙሉ ገጽ አትሞክሪ፣ ትሰለቺያለሽ። ረዘም ያለውን ቃል ሁለት ሦስት ቦታ ከፍለሽ በእርሳስ አስምሪበት። የሳይንስ ቃላት ርዝመታቸው ያስፈራል እንጂ ቁርጥራጮቻቸው ይደጋገማሉ፤ ባዮሎጂ ውስጥ ያወቅሽው ቁራጭ ሌላ ምዕራፍ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ትርጉሙን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አትመኚው። ስልክ የሳይንስ ቃል ላይ አንዳንዴ ጉድ ይሠራል፤ ግራ ያጋባሽን ቃል መምህርሽን ጠይቂ።

ክፍል ውስጥ ስለማንበቡ፦ የእንግሊዝኛ መምህርሽን ከክፍል ውጭ አግኝተሽ የሚያስነብቡሽን አንቀጽ ከአንድ ቀን በፊት እንዲነግሩሽ ለምኚያቸው። ማታ በስልክሽ ተለማምደሽው ትመጫለሽ። አብዛኛው መምህር እምቢ አይልም። መናገሩ ከከበደሽ ይህን ገጽ ቆርጠሽ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪላቸው።